ፋርማኮሎጂ ለነርሲንግ ተማሪዎች፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ዱቲ በሌለኝ ቀን ደግሞ ማራኪ አካባቢ ለነርሲንግ ተማሪዎች ፋርማኮሎጂ አስጠናለው። በየአመቱ ልጆቹ ይቀየራሉ ጥያቄው ግን ያው ነው፣ ስለዚ እዚ ላይ ልጻፈውና ከዚ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚ እልካለው ብዬ ነው። መፅሀፍ አይደለም፣ ዶዝ ከዚ ላይ አይታችሁ ለበሽተኛ እንዳትሰጡ፣ ኦርደሩንና የዋርዱን ጋይድላይን እዩ።

ፋርማኮሎጂ ለምን እንዲ ይከብዳል? ስሙን ቸክዬ ማለፍ አልችልም?

ማለፍ ትችላለህ፣ ችግሩ ከፈተናው ማግስት ነው። እኔ ራሴ ሁለተኛ አመት ላይ ሀንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር ቸክዬ ጥሩ ውጤት አምጥቼ፣ አታችመንት ስወጣ ሲስተሯ "ይሄ መድሀኒት ምን እንዳያረግ ነው የምንጠብቀው?" ብላ ስትጠይቀኝ ጣራ ጣራ ነው ያየሁት። ስሙን አውቀዋለሁ፣ ሌላ ምንም አላውቅም።

ለልጆቹ ሁሌ የምላቸው ነገር አለ፣ መድሀኒትን እንደ ዘር ቆጠራ ያዙት። ሀገር ቤት አንድ እንግዳ ሲመጣ "የማን ልጅ ነህ?" ይባላል አይደል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ከታወቀ ፀባዩም ግማሹ ይታወቃል። መድሀኒትም እንደዛው ነው፣ ኢናላፕሪልን በደንብ ካወቃችሁት ካፕቶፕሪልን አዲስ ማጥናት አይጠበቅባችሁም፣ ያው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ደረቅ ሳል ያመጣሉ፣ ሁለቱም ፖታሲየም ከፍ ያረጋሉ፣ ሁለቱም ለነፍሰጡር አይሰጡም። ከየቤቱ አንድ ልጅ መርጣችሁ እሱን እስከ አጥንቱ እወቁት፣ ለሌሎቹ ልዩነታቸውን ብቻ ጨምሩ።

አንድ መድሀኒት ስንት ስም ነው ያለው? ግራ ገባኝ

ሶስት። አንዱ የኬሚካል ስሙ ነው፣ እሱን ለፋርማሲ ተማሪዎች ተዉላቸው። ሁለተኛው ጄነሪክ ስሙ ነው፣ አለም ላይ ሁሉ የሚታወቅበት፣ ፈተናም ኦርደርም በዚ ነው። ሶስተኛው ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም። ፍላጂል ማለት ሜትሮኒዳዞል ነው፣ ላሲክስ ማለት ፍሮሴማይድ ነው፣ ኦግመንቲን ማለት አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ነው፣ ባክትሪም ማለት ኮትሪሞክሳዞል ነው።

ይሄ ተራ ነገር ይመስላል ግን አይደለም። ሰውዬው ከዋርድ ፓራሲታሞል እየወሰደ ቤተሰብ ደግሞ ከውጪ "የራስ ምታት" ብሎ ፓናዶል ገዝቶ ኮመዲኖው ላይ ያስቀምጥለታል፣ ሁለቱም አንድ ነው፣ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ካለፈ ጉበት ነው ሚጎዳው፣ ስለዚ መድሀኒት ስትሰጡ ኮመዲኖውንም እዩት። ቀለም ላይም አትተማመኑ፣ "ቀይና ጥቁሯን ስጪኝ" የሚል ሰው ሞልቷል፣ የካፕሱል ቀለም ፋብሪካው እንደፈለገ ነው ሚቀባው፣ ዘር አይናገርም።

ክላሲፊኬሽን ላይ አንዱ መፅሀፍ እንዲ አንዱ እንዲያ ይላል፣ የትኛውን ልያዝ?

ሁሉም ልክ ናቸው፣ የሚለያየው ከየት ሆነህ እንደምታየው ነው። በሰውነት ክፍል መመደብ ይቻላል (የልብ፣ የሳምባ፣ የአንጀት)፣ በጥቅም ይቻላል (የደም ግፊት፣ የህመም ማስታገሻ)፣ በአሰራሩ ይቻላል፣ በኬሚካል ቅርፁም ይቻላል።

ፕሮፕራኖሎልን ውሰዱት። በሰውነት ክፍል ሲታይ የልብና የደም ስር መድሀኒት ነው፣ በጥቅም ሲታይ የደም ግፊት መድሀኒት፣ በአሰራሩ ቤታ ብሎከር። ግን ይሄው መድሀኒት ማይግሬን እንዳይመላለስ ይሰጣል፣ እንቅርት ሆርሞን አብዝቶ ልባቸው ለሚመታ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥም ይሰጣል። "የግፊት መድሀኒት" ብላችሁ ብቻ ከያዛችሁት ግፊት የሌላት ልጅ ቻርት ላይ ስታዩት ስህተት ነው ብላችሁ ልትመልሱት ነው። በአሰራሩ ከያዛችሁት ግን ቤታ ሪሴፕተር ይዘጋል፣ ስለዚ የልብ ምት ይቀንሳል፣ ስለዚ ከመስጠቴ በፊት ፐልስ እቆጥራለሁ፣ ሳምባ ላይም ቤታ ሪሴፕተር ስላለ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ ሁሉም ከአንዷ ነገር ተመዘዘ። ለነርስ በአሰራር መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ኢንስትራክተራችሁ ሌላ ካላችሁ ለፈተናው የሱን ፃፉ።

የስም መጨረሻ አይቶ መለየት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ ፈተና ላይም ያድናል። መጨረሻው ኦሎል ከሆነ ቤታ ብሎከር፣ ፕሪል ከሆነ ኤሲኢ ኢንሂቢተር (የግፊት መድሀኒት፣ እነ ኢናላፕሪል)፣ ሳርታን ከሆነ የዛ የአጎት ልጅ ነው ሳሉ የሌለበት፣ ዲፒን ከሆነ እንደነ ኒፌዲፒን አምሎዲፒን ካልሲየም ቻናል ብሎከር፣ ስታቲን ኮሌስትሮል፣ ፕራዞል የጨጓራ አሲድ ቀናሽ፣ ፍሎክሳሲን ኪኖሎን፣ ሳይክሊን ቴትራሳይክሊን፣ እነዚ ሁለቱ አንቲባዮቲክ ናቸው።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ፣ ሁለት ናቸው። አንደኛው "ማይሲን" ነው። ጄንታማይሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ቫንኮማይሲን፣ አራቱም ማይሲን አራቱም የተለያየ ቤት ልጆች። ጄንታማይሲን አሚኖግላይኮሳይድ፣ አዚትሮ ማክሮላይድ፣ ክሊንዳ ሊንኮሳማይድ፣ ቫንኮ ግላይኮፔፕታይድ። ስማቸው የተመሳሰለው ምንጫቸው አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ነው እንጂ በዝምድና አይደለም።

ሁለተኛው "አዞል" ነው፣ ይሄ ይብሳል። ፍሉኮናዞል ለፈንገስ፣ ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና አየር ለማይፈልጉ ባክቴሪያዎች፣ አልቤንዳዞል ለአንጀት ትል፣ ኦሜፕራዞል ለጨጓራ። አንዷ ተማሪ ኦሜፕራዞልን የፈንገስ ብላ መልሳ ሁላችንም ስቀን ነበር፣ በልጅቷ አይፈረድም፣ ስም አውጪዎቹ ናቸው ያሳሳቷት።

ፋርማኮኪነቲክስ እና ፋርማኮዳይናሚክስ ምንድነው ልዩነታቸው?

ኪነቲክስ ሰውነት መድሀኒቱን ምን ያረገዋል ነው፣ ይገባል፣ ይሰራጫል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ በኩላሊት ይወጣል። ዳይናሚክስ ደግሞ መድሀኒቱ ሰውነትን ምን ያረገዋል ነው። በቃ ይሄው ነው።

ከኪነቲክስ ውስጥ ለነርስ ሁለት ነገር በጣም ይጠቅማል። አንዱ ፈርስት ፓስ ነው፣ በአፍ የተዋጠ መድሀኒት ደም ውስጥ ተሰራጭቶ ስራ ከመጀመሩ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል፣ ጉበት ደግሞ እንደ ኬላ ነው ከፊሉን ያስቀራል፣ አንዳንዱን ጭራሽ አያሳልፍም፣ ናይትሮግሊሰሪን ምላስ ስር የሚደረገው ለዛ ነው። ሁለተኛው ሃፍ ላይፍ ነው፣ ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ። መድሀኒት በየሰዓቱ እየተሰጠ መጠኑ ደም ውስጥ እስኪረጋ 4 ወይም 5 ሃፍ ላይፍ ይፈልጋል፣ ስለዚ አንድ ዶዝ ዘለላችሁ ማለት ሲሞላ የነበረውን እንስራ ቀዳችሁለት ማለት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ በኩላሊት የሚወጣ መድሀኒት ሃፍ ላይፉ ይረዝማል፣ ዶዙ ያው ሆኖ መርዝ የሚሆነው እንዲ ነው።

አንቲባዮቲኮች በዙብኝ፣ እንዴት ልያዛቸው?

ባክቴሪያውን የት ጋር እንደሚመቱት ነው መያዝ። እዚ አምስት ቦታ እናያለን።

አንደኛው ግድግዳው ነው። የፋሲል ግንብን አስቡት፣ ድንጋይ በኖራ ተያይዞ ነው የቆመው። ባክቴሪያም ዙሪያውን እንዲ የተገነባ ግድግዳ አለው፣ የኛ ሴሎች ግን የላቸውም፣ ስለዚ ግድግዳ ላይ የሚሰራ መድሀኒት እኛን ብዙም አይነካም። ፔኒሲሊኖች (አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን)፣ ሴፋሎስፖሪኖች (ሴፋሌክሲን፣ ሴፍትሪያክሶን)፣ ሜሮፔነም፣ እነዚ ሁሉ ቤታ ላክታም ይባላሉ፣ ግንበኛውን እጁን ይይዙታል። ባክቴሪያው እያደገ ግድግዳው ሳይጠገን ይቀርና ውሀ ገብቶበት ይፈነዳል። ቫንኮማይሲንም ግድግዳ ላይ ነው የሚሰራው ግን በሌላ መንገድ፣ ድንጋዩን እራሱን ነው የሚይዘው። ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ከግድግዳው ውጪ ሌላ ሽፋን አላቸው፣ ልክ የግቢው አጥር እንደማለት፣ ቫንኮ ትልቅ ስለሆነ በዛ አያልፍም ለዚ ነው ለግራም ኔጋቲቭ የማይሰራው። ባክቴሪያዎቹም ዝም አላሉም፣ ቤታ ላክታሜዝ የሚባል መቀስ ሰሩ፣ መድሀኒቱን ይቆርጡታል፣ ክላቩላኒክ አሲድ አሞክሲሲሊን ላይ የተጨመረው ያንን መቀስ ለመያዝ ነው።

ሁለተኛው የፕሮቲን ፋብሪካው፣ ራይቦዞም። ሁለት ክፍል አለው፣ 30 ኤስና 50 ኤስ ይባላሉ፣ 30 ኤስ ላይ የሚቀመጡት አሚኖግላይኮሳይድና ቴትራሳይክሊን፣ 50 ኤስ ላይ ማክሮላይድ፣ ክሊንዳማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮል። ከዚ ቤት የጎንዮሽ ጉዳታቸውን ከነ ባለቤቱ ያዙ። አሚኖግላይኮሳይድ ጆሮና ኩላሊት። ቴትራሳይክሊን ጥርስ ያበላሻል፣ ለዛ ነው ከ8 አመት በታች ላለ ልጅና ለነፍሰጡር የሚከለከለው (አዲስ ለተወለደ ህፃን አይን የምንቀባው ቲቲሲ ቴትራሳይክሊን ነው እኮ እንዴት ተፈቀደ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፣ ቅባት ነው፣ ወደ ደም የሚገባው እዚ ግባ የሚባል አይደለም)። ክሎራምፌኒኮል መቅኔ ያደርቃል፣ ጨቅላ ላይ ደግሞ ግሬይ ቤቢ ሲንድሮም ያመጣል።

ሶስተኛው ዲኤንኤው ነው፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ ዲኤንኤ የሚፈታውንና የሚያጠነጥነውን ኢንዛይም ያቆማሉ፣ ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤውን ይበጣጥሰዋል። አራተኛው አርኤንኤ፣ ሪፋምፒሲን፣ የቲቢው፣ ሽንት ብርቱካንማ የሚያረገው፣ ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ሰውዬው ደም ሸናሁ ብሎ መድሀኒቱን ያቆማል። የወሊድ መከላከያ ኪኒንም ያዳክማል፣ ይሄን ለሴት ታካሚ ሳትነግሩ እንዳትሸኙ። አምስተኛው ፎሌት ነው፣ ባክቴሪያው ዲኤንኤ ለመስራት የሚያስፈልገው ቫይታሚን፣ እሱን እንዳይሰራ የሚከለክለው ኮትሪሞክሳዞል ነው።

ባክቴሪሲዳልና ባክቴሪዮስታቲክስ?

ሲዳል ይገላል፣ ስታቲክ ያቆመዋል ቀሪውን የሰውየው መከላከያ ይጨርሰዋል። ግድግዳ ላይ ያሉት፣ አሚኖግላይኮሳይድና ኪኖሎን ገዳይ ናቸው፣ ቴትራሳይክሊን ማክሮላይድ ክሊንዳ አቋሚ። እንደ ዶዙና እንደ ተህዋሱ የሚቀያየርበት ጊዜ አለ፣ ለፈተና ግን እንዲ ያዙት።

ሴፍትሪያክሶን ሁሉም ዋርድ ላይ ነው ያለው፣ በሱ ዙሪያ ምን ልጠንቀቅ?

ይቺን ትንሽ ልርዘምባት ምክንያቱም የራሴ ጉድ አለበት። ተማሪ ሆኜ፣ ናይት ዱቲ፣ ከለሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም አይቪ (በደም ስር) ይሰጥ ይላል ኦርደሩ። ካርቶኑን ከፈትኩ፣ ቫያሉ አለ፣ አጠገቡ ትንሽ አምፑል አለ፣ አብሮ ስለታሸገ ማሟሚያው ነው ብዬ ሰብሬ ሲሪንጅ ውስጥ ሳብኩት። ወደ ቫያሉ ልከት ስል ሲኒየሯ ከኋላዬ እጄን ያዘችና "አምፑሉን አንብበው" አለችኝ፣ ፅሁፉ እንደ ጉንዳን ናት፣ ወደ መብራቱ ጠጋ አርጌ ሳየው ሊዶኬይን ነው። ያ ካርቶን ለጡንቻ የሚወጋው ነበር፣ ሊዶኬይኑ የተጨመረው መርፌው ሲወጋ እንዳያም ነው፣ በደም ስር ቢገባ ልብ ላይ ነው ሚሄደው። እሷ ሌላ ምንም አላለችኝም፣ እስኪነጋ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስከዛሬ አምፑል ሳላነብ አልሰብርም፣ ሶስቴ ነው የማነበው፣ ስወስድ፣ ስቀዳ፣ ባዶውን ስጥል።

ሁለተኛው ካልሲየም ነው። ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለበት ነገር ጋር ከተገናኘ ይረጋል፣ ሪንገር ላክቴት ውስጥ ካልሲየም አለ፣ ስለዚ በሱ አይበጠበጥም፣ በአንድ መስመርም አብሮ አይሰጥም፣ ኖርማል ሳላይን ተጠቀሙ። ከ28 ቀን በታች ያለ ጨቅላ ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ እየወሰደ ከሆነ ጭራሽ አይሰጠውም፣ ቢጫ የሆነ ጨቅላም ላይ እንደዛው።

ሶስተኛው፣ ዱቄት ቦታ ይይዛል። 1 ግራሙን 100 ሚሊግራም በሚሊ እንዲሆን ከፈለጋችሁ የምትጨምሩት 9.6 ሚሊ ነው እንጂ 10 አይደለም። ለአዋቂ ሙሉውን ስትሰጡት ለውጥ የለውም፣ ለህፃን ከፍላችሁ ስትሰጡ ግን ለውጥ አለው።

ፔኒሲሊን ስሰጥ እፈራለሁ፣ አለርጂ ቢሆንስ?

ፍርሀቱ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ጠይቁ፣ ግን "አለርጂ አለብዎት?" ብላችሁ አይደለም፣ ገጠር የመጡ እናት "አለርጂ" ስትሏቸው አዎም አይም ሊሉ ይችላሉ። "መርፌ ተወግተው ወይ ኪኒን ውጠው ሰውነትዎ አብጦ፣ ሽፍ ብሎብዎት፣ ትንፋሽ አጥሮዎት ያውቃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሰጣችሁ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ አይሂዱ፣ መኪና እያመለጣቸው ቢሆንም።

አድሬናሊን ሳይኖር ፔኒሲሊን አይወጋም። አናፊላክሲስ (ለሞት የሚያደርሰው ከባድ አለርጂ) ከመጣ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም፣ ማለትም ከአንድ በሺው 0.5 ሚሊ፣ ጭን ላይ በውጪ በኩል ጡንቻ ውስጥ፣ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሀይድሮኮርቲዞን ፍለጋ አትሩጡ፣ እሱ ዘግይቶ ነው የሚሰራው፣ መጀመሪያ አድሬናሊን።

ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ደግሞ ለብቻው ይነገር። የልብ ሩማቲክ ያለባቸው ልጆች በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ እየመጡ ይወጋሉ፣ ወተት የመሰለ ወፍራም ነገር ነው፣ በቀጭን መርፌ ከሞከራችሁት ይዘጋል። ጡንቻ ውስጥ ብቻ። በደም ስር ከገባ ይገላል፣ ይሄን በቀይ ብእር ፃፉት።

የዶዝ ስሌት ሲመጣ እደነዝዛለሁ፣ አጭር መንገድ አለ?

ሚፈለገውን ባለህ አካፍል፣ ባለህበት ሚሊ አባዛ። 8 ኪሎ የሆነች ህፃን ጄንታማይሲን 7.5 ሚሊግራም በኪሎ በቀን አንዴ ታዞላታል እንበል። 8 ሲባዛ 7.5፣ 60 ሚሊግራም። አምፑሉ 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ነው። 60 ለ80 ሲካፈል 0.75፣ ሲባዛ 2፣ 1.5 ሚሊ። ከሰራችሁት በኋላ በአይናችሁም መርምሩት፣ 60 ከ80 ያንሳል ስለዚ መልሱ ከ2 ሚሊ ማነስ አለበት፣ 15 ሚሊ ከመጣላችሁ ነጥብ ዘላችኋል ማለት ነው። አንድ ዶዝ ለመስጠት አምስት አምፑል ምናምን መስበር ካስፈለጋችሁ ቁሙ፣ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

ግሉኮስ (ያው ህዝቡ የተሰቀለውን ሁሉ ግሉኮስ ነው የሚለው) ጠብታ ሲሆን፣ 1000 ሚሊ በ8 ሰዓት፣ ሴቱ በሚሊ 20 ጠብታ ከሆነ፣ 1000 ሲባዛ 20 ሲካፈል 480 ደቂቃ፣ ወደ 42 ጠብታ በደቂቃ።

በቀን ሶስቴ ማለት ጠዋት ቀን ማታ ማለት አይደለም እንዴ?

ለብዙ መድሀኒት ችግር የለውም፣ ለአንቲባዮቲክ ግን ቲአይዲ ማለት በየ8 ሰዓቱ ነው። በኛ አቆጣጠር 12፣ 8፣ 4 ብላችሁ ያዙት፣ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። ሰው "ቁርስ ምሳ እራት" ብሎ ከወሰደው ከእራት እስከ ቁርስ ያለው ሌሊት ይረዝማል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ሌሊት አይተኛም። ሌላ የምታስቸግር ነገር፣ ፈረንጅ ሰዓት የለመደ ሀኪም 8 ብሎ ሲፅፍ የትኛውን 8 እንደሆነ ጠይቁ፣ አፍረን ዝም ማለት የለም።

ታካሚዬ ፆመኛ ናቸው፣ እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም አሉ፣ ምን ላርግ?

ጎንደር ላይ ሰርታችሁ ይሄ ያልገጠማችሁ ካለ ይንገረኝ። መጨቃጨቅ አይሰራም፣ መጀመሪያ መድሀኒቱ ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ እዩ፣ በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ የሚሆን አማራጭ ካለ ሀኪሙን ጠይቁት። ካልሆነ "የንስሀ አባትዎን ያማክሩ" በሏቸው፣ ብዙዎቹ አባቶች ለታመመ ይፈቅዳሉ፣ የሳቸው ቃል ከኛ አስር ደቂቃ ምክር ይበልጣል። ረመዳን ላይም ያው ነው፣ በማፍጠሪያና በሱሁር ይከፋፈላል። ፀበል የሚሄዱትንም "አይሂዱ" አትበሉ፣ "መድሀኒቱንም ይያዙት" በሉ፣ እምነታቸውን ከነካችሁ ሁለተኛ አይመጡላችሁም።

የሚያስቀው ፆም አንድ ጥቅም አለው፣ ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን ከወተት ጋር ሲወሰዱ ካልሲየሙ ይይዛቸውና አይመጠጡም፣ ፆም ላይ ያ ጣጣ የለም። አይረን ኪኒንና የጨጓራ ሽሮፕ ግን ያው ናቸው፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያራርቁ። ዶክሲን በብዙ ውሀ፣ ውጠው ወዲያው እንዳይተኙ፣ ጉሮሮ ያቆስላል።

ፍላጂልና ጠላስ?

ጥምቀት ሲደርስ የምሰማው ጥያቄ። ፍላጂል እየወሰደ ጠላ ወይ አረቄ የጠጣ ሰው ፊቱ ሊቀላ፣ ልቡ ሊመታ፣ ሊያስመልሰው ይችላል፣ ስለዚ ከጨረሰ በኋላም ቢያንስ 48 ሰዓት ይቆይ። "አልኮል አይጠጡ" ስትሏቸው "ኧረ እኔ አልኮል አልጠጣም" ይሉና ማታ ጠላ ቤት ናቸው፣ ለሳቸው አልኮል ማለት ቢራና ውስኪ ነው። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ ብላችሁ በስሙ ጥሩት።

ሰው ሲሻለው መድሀኒቱን ያቆማል፣ ምን ልበለው?

ከደምቢያ የመጡ አንዲት እማማ ነበሩ፣ ልጅ ልጃቸውን ይዘው፣ "መድሀኒት ሰጥቼዋለሁ አልተሻለውም" አሉ። ምን ሰጡት ስላቸው መቀነታቸውን ጫፍ ፈቱት፣ ውስጡ አራት ካፕሱል፣ ሁለቱ ላብ ነክቷቸው ተጣብቀዋል። ባለፈው አመት ለራሳቸው እግር ቁስል የታዘዘ አሞክሲሲሊን ነው፣ ሲሻላቸው "ላንድ ቀን ይሆናል" ብለው ቋጠሩት። ልጁ የያዘው ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን ደግሞ ቫይረስ ነው፣ ግድግዳም ራይቦዞምም የለውም፣ አንቲባዮቲክ የሚመታው ነገር ራሱ የለም። እማማን አልተቆጣኋቸውም፣ ቆጣቢነታቸው ነው፣ እህል ቢሆን ኖሮ ይመሰገኑበት ነበር። "እማማ፣ ይሄ እንደ ዘር እህል አይቀመጥም፣ የታዘዘው ቀን ካላለቀ ያልሞተው ይበረታል፣ ያለፈበት ደግሞ ይጎዳል" አልኳቸው፣ ገባቸው መሰለኝ ካፕሱሎቹን ሰጡኝ።

የአለም ጤና ድርጅት ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን አክሰስ፣ ዎች፣ ሪዘርቭ ብሎ ሶስት ቦታ ከፍሏቸዋል፣ ፈተና ላይ ይመጣል። አሞክሲሲሊንና ጄንታማይሲን አክሰስ ናቸው፣ ቀድመው የሚሰጡ። ሴፍትሪያክሶን፣ ሲፕሮ፣ አዚትሮ ዎች፣ በጥንቃቄ። ኮሊስቲንና ሊኔዞሊድ ሪዘርቭ፣ የመጨረሻ። አሁን ዋርዳችሁ ሄዳችሁ ቻርቶቹን እዩ፣ ስንቱ ሰው ሴፍትሪያክሶን ላይ እንዳለ ቁጠሩ፣ እኔ ምንም አልልም።

ከሁሉም በላይ ልፈራቸው የሚገቡት የትኞቹ ናቸው?

ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሳይበጠበጥ በደም ስር ከተገፋ ልብ ያቆማል። ኢንሱሊን፣ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው)፣ ሁለት ሰው ያያቸው። ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ኤክላምፕሲያ (የነፍሰጡር ግፊትና መንቀጥቀጥ) ላይ፣ ከእያንዳንዱ ዶዝ በፊት ጉልበት መታ መታ አርጋችሁ ሪፍሌክስ እዩ፣ ትንፋሽ ከ16 እንዳያንስ፣ ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ እንዳያንስ፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገባችሁ ይሁን። ዲጎክሲን፣ የልብ መድሀኒት ነው፣ ፐልስ ከ60 በታች ከሆነ ያዙትና ለሀኪም ንገሩ።

ፓሮሞማይሲን አንቲባዮቲክ አይደል እንዴ? ለምን ለካላዛር ይሰጣል?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ የጎንደር ተማሪ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ ያሉት ብዙም አያዩትም። አዎ አንቲባዮቲክ ነው፣ ግን ካላዛርን የሚያመጣውን ሌሽማኒያ የሚባለውንም ተባይ ይገላል። መተማና ሁመራ ሰሊጥና ማሽላ አጨዳ የሄዱ ልጆች በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ከስተው፣ ትኩሳት ይዟቸው ይመጣሉ፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አንድ ላይ ለ17 ቀን ነው የሚወጉት። ስቲቦግሉኮኔቱ ልብና ፓንክሪያስ ይጎዳል፣ ስለዚ ኢሲጂ ይታያል፣ ሆዱን ካመመው ይነገራል።

ፓሮሞማይሲንስ? ሀንድአውታችሁ ላይ ምናልባት አንድ መስመር ናት ያለችው። ማይሲን ነው፣ ግን የማን ልጅ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ የጄንታማይሲን ወንድም ነው፣ አሚኖግላይኮሳይድ። በቃ አወቃችሁት፣ ጆሮና ኩላሊት። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ይሄን መድሀኒት ከዛን ቀን በፊት አይታው አታውቅም፣ ዘጠነኛ ቀኑ ላይ ያለ ልጅ ጋር ሄዳ ከመውጋቷ በፊት "ወንድሜ፣ ጆሮህ ውስጥ ድምፅ አለ?" አለችው። ልጁ ፈገግ አለና "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፌንጣ ገብቶብኛል፣ ከበረሀ የመጣ መስሎኝ ነው ያልተናገርኩት" አላት። ሲሪንጁን ትሪው ላይ መልሳ ሀኪሙን ልትጠራ ሄደች።